ሲዘጉት ይቀዘቅዛል

የካቲት 11 ቀን 2017

የመኪናዬ ኤሲ አያቀዘቅዝም።

መካኒኩ ከዲሮ ጻፈው አለኝ። "የት ላይ እንደሚግል፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ ጻፍልኝ። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም" አለ። እሺ። ጋዙ ተሞልቷል። ኮምፕሬሰሩ ይነሳል። ከአሰላ እስከ ኢተያ ችግር የለም፣ አገሩ ራሱ ብርድ ነው። ዴራ ላይ ይጀምራል። አዳማን አልፈን ወለንጪቲ ስንደርስ ጋቢናው ምድጃ ነው። ስለ መተሐራ ባይወራ ይሻላል። ሙቀቱ የሚመጣው ከታች፣ ከእግር በኩል ነው። እግሬን ያቃጥለኛል። ቀኙ ይብሳል።

የካቲት 14

ከበቆጂ ነጭ ሽንኩርት ጭነን መተሐራ አራገፍን። ሽንኩርቱ የሙቢና ነው፣ አይሱዙው የእኔ። በንግዷ ሰው አታምንም፤ ከጭነቷ ጋር ጋቢና ገብታ ከጎኔ ትቀመጣለች። እንዲህ ስንሄድ ዓመታት አልፈዋል። መስኮት አታስከፍትም።

"ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ሙቢና።"

"ንፋስ ጆሮዬን ሲይዘኝ አንተ ነህ የምታስታምመኝ?"

"በላብ አለቅኩ እኮ።"

"ላብ ይወጣል። ንፋስ ግን ይገባል። የገባ ደግሞ አይወጣም።"

ወለንጪቲ ላይ ለስላሳ ጠጣሁ። መተሐራ ስንደርስ ሌላ። ስንመለስ መኪናውን እያቆምኩ ሦስት ጊዜ ቁጥቋጦ ሥር ወረድኩ።

"ውሃ የሚያፈሰው መኪናው ነው ወይስ አንተ?" አለችኝ። ሳቅን።

የካቲት 19

ጭነት የለም። ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ ዋጋዬ ወረቀት ስታስተካክል መንጃ ፈቃዴን አገኘችው።

"ግንቦት ላይ ነው የሚታደሰው።"

"አውቃለሁ።"

"ምርመራ አለው።"

"የዓይን ነው።"

"የዓይን ብቻ አይደለም አሉ። ደምም ያያሉ።"

"ማን አለሽ?"

"ኢየሩስ።"

ኢየሩስ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ነርስ ናት። ከደብረ ታቦር ተመድባ መጥታ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሰው ታከብራለች። ጥያቄ ታበዛለች እንጂ።

ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ነድቻለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም። ፈቃዱን ከከለከሉኝ አይሱዙውን ሌላ ሰው ይነዳዋል፤ እኔ በር ላይ ወንበር አውጥቼ መንገዱን አያለሁ። አባቴ እንደዚያ ነው የጨረሰው። ዋጋዬ ፈቃዱን መኪናው ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ አስቀምጠው አለችኝ፣ እንዳይረሳ። ኪሴ ከተትኩት።

የካቲት 24

ሮመዳን ገብቷል። ሙቢና ጾም ይዛለች። ከአዳማ በታች ሻሿ በላብ ርሶ አንገቷ ላይ ተጣበቀ። ከንፈሯ ነጣ። እኔ አጠገቧ ውሃ ጠጣሁ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ። ለመታገሥ ሞክሬ ነበር። ጉሮሮዬ እንደ ጆንያ ይደርቃል።

"ጠጣ፣ ጠጣ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ያንተን በእኔ ላይ አይጽፉትም።"

ይህችን ሴት ጋቢና ውስጥ መቀቀል ነውር ነው። ኤሲውን የማሠራው ለእሷ ነው።

ስንመለስ ኢተያ መግቢያ ላይ ጋሪ ገባብኝ። ፍሬን ረገጥኩ፤ የረገጥኩ መሰለኝ። ከፈረሱ ጋር ልንገናኝ አንድ ክንድ ሲቀር መኪናው ቆመ። ባለ ጋሪው የተሳደበውን አልጽፈውም። ፔዳሉ ጥጥ ጥጥ ይላል። ላዩ ላይ ያለው ጎማ አልቋል። ለከዲሮ መንገር።

መጋቢት 2

ከዲሮ አገኘው። ጋቢናውን ወደ ፊት ገልብጦ ሁለት ቱቦ አሳየኝ።

"ና ንካ።" ነካሁ። ሁለቱም ይፋጃሉ።

"በዚህኛው ከሞተር የፈላ ውሃ ጋቢና ይገባል፣ በዚያኛው ይመለሳል። ማሞቂያህ ይህ ነው። ለበቆጂ ጥሩ ነው። ግን ውስጥ ያለው መክደኛ አልቋል፤ ማሞቂያውን ብታጠፋውም ሙቀቱ ይመጣል። ኤሲው ያቀዘቅዛል፣ ይህ ያሞቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሚስት ማለት ነው፣ አቦ። እኔን ጠይቀኝ።"

"ታዲያ?"

"ውሃውን መዝጋት ነዋ። ሳራቺኔስካ እናስገባበታለን።"

የቤት ውሃ የሚዘጋበትን፣ የናሱን ሳራቺኔስካ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዝቼ መጣሁ። ከዲሮ ሞተሩ አጠገብ ሊያስገባው ነበር። እምቢ አልኩ። ቆላ በወረድኩ፣ ደጋ በወጣሁ ቁጥር ጋቢና ልገለብጥ ነው? እጄ የሚደርስበት ይሁን አልኩ።

"የፈላ ውሃ አጠገብህ አስቀምጠህ ልትነዳ?"

"ማሞቂያው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ያው የፈላ ውሃ አይደል?"

ራሱን ነቀነቀ። ቱቦውን ክሩስኮቱ ሥር፣ በእኔና በሙቢና መቀመጫ መካከል ቆርጦ እዚያ አስገባው። እጀታው ከቱቦው ጋር ከተጋደመ ክፍት ነው፤ ቱቦውን ካቋረጠ ዝግ። በልኩ የሚሆን የቱቦ ማሰሪያ ስላልነበረው በሽቦ ጠመዘዘው።

"ጎማ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይላላል። ሁለት ጉዞ ሄደህ ተመለስ፣ አጠብቀዋለሁ። ደህና ማሰሪያም እፈልግልሃለሁ።"

የፍሬኑን ፔዳል ጎማም ቀየረልኝ። አሮጌውን በእጁ እያገላበጠ፣ "ይህ እኮ አላለቀም" አለ።

መጋቢት 5

ይሠራል!

ዴራ ላይ ጎንበስ ብዬ ዘጋሁት። ወለንጪቲ ሳንደርስ ጋቢናው በቆጂ ሆነ። ሙቢና እጇን ንፋስ ማውጫው ፊት ዘርግታ "ወላሂ በረዶ ነው!" አለች። የጾም ሰው ሳትመስል እስከ መተሐራ አወራች፤ የአማቷን ክስ ከሥር እስከ ጫፍ ሰማሁ። መተሐራ ላይ ለሌሎች ሾፌሮች አሳየኋቸው። እንደ ቤት ምርቃት ወረፋ ይዘው እየገቡ ተቀመጡ። አንዱ አልወርድም አለ። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

እግሬ ግን ያው ነው። ሞተሩ ከሥራችን ስለሆነ ነው። ብረቱ ይግላል።

"አንቺ ጋ ወለሉ አይግልም?" አልኳት።

"እኔ እግሬን አጣጥፌ ነው የተቀመጥኩት፣ በርዶኝ።"

መጋቢት 9

ከዲሮ ደወለ። "አልመጣህም" አለ። ነገ አልኩት። ነገ ጭነት አለ።

ጫማ ትቼ በነጠላ ጫማ እየነዳሁ ነው። ይሻላል። ካልሲም ተውኩ።

መጋቢት 13፣ በቆጂ

ድንቹ ከገጠር ስላልደረሰ እዚህ አደርኩ። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ሯጮች አፋቸው እየጨሰ በመስኮቱ ሥር አለፉ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥታኝ ነበር። እግሬን ከሁለቱም አውጥቼ፣ በኋላ ደግሞ ወርጄ ሲሚንቶው ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ይኮሰኩሳል። ሲኮሰኩስ ያቃጥላል።

መኪናው ግቢ ውስጥ ነው የቆመው። ሞተሩ ከማታ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው።

ይህ ለከዲሮ አይጠቅመውም።

መጋቢት 17

ጠዋት ልብስ ስለብስ ኢየሩስና ዋጋዬ ጓሮ ሲያወሩ ሰማሁ።

"እትዬ ዋጋዬ፣ እዚህ ግድግዳ ሥር ጉንዳን ለምን በዛ?"

"እኔ እንጃ። እሱ ማታ ማታ እዚያ ነው የሚሸናው። መጸዳጃው ይርቀኛል ይላል።"

ኢየሩስ "ስንቴ ይነሳሉ?" አለች።

"ማን ይቆጥራል? አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ።"

ስወጣ ኢየሩስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። የሥራ ልብሷን ለብሳለች።

"ጋሼ የኋላሸት፣ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ብቅ ይበሉልኝ። ጣትዎን ወጋ ነው የማደርገው፣ ወዲያው ይታወቃል።"

"ምን ሆንኩ ብዬ?"

"ምንም አልሆኑም። ለማወቅ ያህል ነው።"

"ኤሲው እኮ ተሠርቷል" አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። እሷም አላወቀችም፤ "እሰየው ጋሼ" ብላ ሄደች።

ከሰዓት ግድግዳው ሥር አመድ ነሰነስኩበት። ዋጋዬ አየችኝ። እሁድ ጸሎት ቤት ለሕመምተኞች ሲጸለይ ስሜን ሹክ ብላ ሰጥታለች መሰለኝ፣ መጋቢው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይዞ አልለቅ አለ። (ይህን ያልኩት ተቆጥቼ ነው። ሰውየው ሁልጊዜም እጅ አይለቅም።)

መጋቢት 24

ዒድ አልፎ ሙቢና ተመልሳለች። ከመተሐራ ስንመለስ፣ ኢተያን ልናልፍ ስንል፦

"ዝጋው በቃ፣ አገራችን ገባን። በረደኝ።"

"ተዘግቶ ነው እኮ የቀዘቀዘው።"

"የተዘጋ ነገር እንዴት ይቀዘቅዛል? በር ሲዘጋ ቤት አይሞቅም?"

"ውሃው ነው የተዘጋው።"

"ስለ ውሃ መቼ አወራሁ? ብርዱን ዝጋ ነው የምልህ!"

"ብርዱ እንዲዘጋ መክፈት አለብኝ።"

"እንግዲያው ክፈት!"

"ስከፍተው ይሞቃል።"

"ያ ረቢ! እሱን እኮ ነው የምለው!" እጇን ወደ ላይ አነሳች። "እኔ አማርኛ በትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። አንተ አፍህን ፈታህበት፣ እንዲህ ሆነህ ቀረህ።"

በሳቅ ዓይኔ እንባ ሞላ። ኤሲውን ራሱን በማብሪያው አጠፋሁላት። ትንሽ ሄደን፣ እሷ ሸቀጧን ስታሰላ መልሼ አበራሁት። ሳራቺኔስካውን አልነካሁትም። እግሬ ያንን ውሃ አይፈልግም። በነጠላዋ ተጠቅልላ እስከ አሰላ ሄደች።

ከዲሮ ሁለት ጉዞ ነበር ያለኝ። ስንት እንደሄድኩ አልቆጠርኩም። ሳምንት እሄዳለሁ።

መጋቢት 28

ዝናብ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አልወጣሁም።

አባቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ይነዳ ነበር። ጡረታው ሳይደርስ ቀኝ እግሩን አዳማ ቆረጡት። ሚስማር ወግቶት ነው። ሚስማሩን ያገኘነው እኛ ነን፣ ጫማውን ስናወልቀው፤ ከጫማው ሶል አልፎ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። አልሰማሁም አለ። ቤቱ ሁሉ ደብቆ ነው አለ። ሚስማር ተወግቶ የማይሰማ ሰው የት አለ?

የእኔ ሌላ ነው። የእኔ ይሰማኛል። ከመስማትም አልፎ ያቃጥለኛል። በሽተኛ ማለት የማይሰማው ነው።

ሚያዝያ 3

ኢተያ። ቱቦው ወጣ። ቆመናል። ለከዲሮ ደውያለሁ።

እዚያው፣ ጥበቃ ላይ

ሙቢና በሌላ መኪና አልሄድም ብላ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ወደዚህ አታይም። ከዲሮ እስኪመጣ ልጻፈው።

ዳገቱን እየወጣን ነበር፤ ሞተሩ ግሏል። ኤሲው በርቷል። ሙቢና "ዝጋው" አለች። "እሺ ቆይ" አልኩ። ሁለተኛ "ዝጋው" አለች። ፊት ለፊቴ ከባድ መኪና ነበር፣ አልመለስኩላትም። ጎንበስ አለች። ምን ልታደርግ እንደሆነ አላየሁም። እጀታውን ያዘች፤ ልትዘጋው። ተዘግቶ የነበረውን። እጀታው ጠጥሮ እምቢ ሲላት በሁለት እጇ ጎተተችው። ቱቦው ከነሽቦው ከአፉ ላይ ወጣ።

ጋቢናው በእንፋሎት ተሞላ። ሙቢና ጮኸች፣ እግሯን መቀመጫው ላይ ሰቀለች። እኔ መስታወቱ አልታይ ስላለኝ ያሰብኩት ስለ መንገዱ ብቻ ነው። ዳር ይዤ ፍሬን ረገጥኩ። ረግጬ ቆየሁ።

"እግርህን አንሳ!" ትላለች። "አንተ! እግርህን አንሳ!"

"የትኛውን?" አልኳት።

ጩኸቷ ቆመ። ወደ ታች አየሁ። ቀኝ እግሬ በነጠላ ጫማ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ውሃው በላዩ እየሄደ ይጨሳል። አነሳሁት። ቆዳው ተንሸራተተ። ሌላ ሰው እግር ላይ የሆነ ይመስል ነበር።

በድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ አይሰማውም። ኳስ ተጫዋች እግሩ ተሰብሮ ይሮጥ የለ?

ከዲሮ መጣ።

ሚያዝያ 4

ከዲሮ ሳራቺኔስካውን አውልቆ ሁለቱን ቱቦ በጊዜያዊነት አያይዞ እስከ ጋራዡ ራሱ ነድቶ አደረሰን። በመንገድ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። "ማሰሪያውን አግኝቼልህ ነበር፣ ሸጥኩት፤ መቼ መጣህና?" ብቻ አለ።

ዋጋዬ የጥርስ ሳሙና ቀባችው፣ በፋሻ ጠቀለለችው። "ያማል?" አለች። "በጣም" አልኩ። ዓይኔን አየችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ውሸቴን የምታውቀው በዚህ ነው።

ኢየሩስ ቁስሉን ልየው ብላ መጣች። ተኝቷል በዪያት አልኩ። ድምፄን ሰማች፣ ግድግዳው ስስ ነው። "ጋሼ፣ ተኝቷል ያሉት ሰውዬ ሲነሱ ይጥሩኝ" አለች ከውጭ።

ሚያዝያ 5

ሙቢና ደወለች። ሰላምታ ሳትጨርስ አለቀሰች። እኔ ነኝ ያቃጠልኩህ አለች። አይደለም አልኳት። ሽቦው ነው፣ እኔ ነኝ ያላስጠበቅኩት። ለቅሶዋን ገታች፦

"አልጮህክም እኮ።"

"ደንግጬ ነው።"

"እኔ ጠብታ ነክቶኝ ጮህኩ። አንተ ትጮሃለህ ብዬ ጠበቅኩ። 'የትኛውን' አልከኝ።"

"ሙቢና…"

"ስማኝ። ሌላ ሾፌር አልፈልግም። ግን እግሩ ከማይሰማው ሰው ጋር ያንን ቁልቁለት አልወርድም። ልጆች አሉኝ። ተመርምረህ ና። ያለው ነጭ ሽንኩርት ነው፣ አይበሰብስም። ይጠብቅሃል።"

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለከዲሮ ደወልኩ፤ ነገ ማሰሪያ ይዤ እመጣለሁ፣ ሳራቺኔስካውን መልሰህ ታስገባለህ፣ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ጋ ይሁን፣ ያልከው ይሁን አልኩት። "እግርህስ?" አለ። "ምን ሆነ?" አልኩ።

ሚያዝያ 6

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከዲሮ ጋራዥ ደረስኩ፤ አይሱዙው ጋቢናው ተገልብጦ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከዲሮ የቱቦውን ቁራጭ ሰጠኝ፣ "በዚህ ልክ፣ አራት ማሰሪያ፣ ብረት ይሁን" አለ። መለዋወጫ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ላይ ነው። ፋሻው ጫማ ስለማያስገባ በነጠላ ጫማዬ ሄድኩ። እያነከስኩ አይደለም። አላመመኝም።

ባለ ሱቁ ቁራጩን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አቀረበው።

"ለማሞቂያ ነው ጋሼ?"

"ለኤሲ።"

"ይህ የማሞቂያ ቱቦ ነው።"

"ማሞቂያውን ስትዘጋው ነው ኤሲው የሚሠራው።"

"እሱስ ልክ ነው" አለ። ሊስማማኝ ብሎ ነው እንጂ የገባው አይመስልም። ወደ ጓዳ ሊገባ ዞር ሲል ወደ ታች አየና ቆመ።

"ጋሼ፣ አንዱ ጫማዎ የታለ?"

አየሁ። ግራ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማው አለ። ቀኙ ላይ ፋሻው ብቻ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ከበሩ እስከ ባንኮኒው አንድ በአንድ የእግሬ ምልክት ሲሚንቶው ላይ ታትሟል። ወደ ውጭ አየሁ። ጫማዬ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጋራዡ ደጅ ብዙም ሳይርቅ፣ ጭቃው ውስጥ አፍንጫውን ደፍቶ ተተክሏል። ከዚያ በኋላ አስፋልቱን ተሻግሬያለሁ። ጠጠር የፈሰሰበትን አልፌያለሁ። የሱቁን ደረጃ ወጥቻለሁ።

"ወልቆብኝ ነው" አልኩ።

"መቼ?"

አላወቅኩም።

ባለ ሱቁ ወደ ጓዳው ገባ። ካርቶን ሲያንኳኳ ይሰማል። "ባለ ብሎኑ ይሁን ወይስ…?" አለ ከውስጥ። ከባንኮኒው ላይ እጄን አነሳሁ።

ጫማዬ ያለው ወደ ታች ነው። ሆስፒታሉ ወደ ላይ። ደረጃውን ስወርድ በዓይኔ እያየሁ ነው እግሬን ያስቀመጥኩት፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። ባለ ሱቁ ማሰሪያዎቹን ይዞ በሩ ላይ ወጣ።

"ጋሼ! ቱቦዎን ረሱት!"

ወደ ላይ ታጠፍኩ።